ጀበናው ለምን ወደቀ? የካንሰር ታካሚዎችን ሕመም አብረው ማጥናት ለሚፈልጉ የባሕር ዳር ነርሶች

ኬሞ ክፍል ውስጥ ነን። ከዘጌ የመጡ እናት መድኃኒታቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ነው። ጠዋት ሲገቡ ጠይቄያቸው ነበር። «እንዴት ነዎት እናቴ? የሚያምዎት ነገር አለ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።» ካርዳቸው ላይ «ቅሬታ የለም» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ግን ልጃቸው ጎንበስ ብላ የሹራባቸውን ቁልፍ ትቆልፍላቸዋለች። «ምነው ራስዎ አይቆልፉም?» አልኳቸው። ሳቅ አሉ። «እጄ ከዳኝ እኮ ልጄ። ባለፈው ጀበናውን ከነቡናው ጣልኩት።»

ፓክሊታክሴል የሚባለው መድኃኒት የእጅና የእግር ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል። የሕክምናው ዙር እየጨመረ ሲሄድ መደንዘዙም ይብሳል። አንዳንዱን ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም አይለቀውም። ሐኪሙ በራውንድ ሰዓት ይህን ላያይ ይችላል። ቁልፉን የምታየው ነርሷ ናት። ግን አንዲት ነርስ በአንድ ዋርድ ያየችው ነገር ሻይ ላይ ተወርቶ ይቀራል። በሁለት ሆስፒታል ያሉ ነርሶች አንድ ጥያቄ፣ በአንድ ቃል፣ በሕክምናው ተመሳሳይ ቀን ሲጠይቁ ነው መረጃ የሚሆነው። አብሮ የመሥራት ጥቅሙም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። አካሄዱን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

«የካንሰር ታካሚዎች ችግሮች» ጥያቄ አይደለም። «መጠኑና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የሚለውን የተለመደ ርዕስም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ዋርድ ውስጥ ከሚያሳስባችሁ ነገር ጀምሩ። ለምሳሌ፦ ፓክሊታክሴል የሚወስዱ ሴቶች እጃቸው መደንዘዝ የሚጀምረው ከስንተኛው ዙር ነው? የትኛውን የቤት ሥራ ያስተዋቸዋል? መልሱ ሲገኝ ሥራችሁ ውስጥ ምን እንደሚቀየር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

2. ሰዎቹን ምረጡ

አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። ባሕር ዳር ለዚህ ትመቻለች። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ሐይቁ አጠገብ አለ። ጥበበ ጊዮን ከከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም እዚሁ ነው። ከሁለቱም ሆስፒታል ኬሞ የሚሰጡ ነርሶች ያስፈልጋሉ። አንድ መምህር ወይም ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ጨምሩ። ይህን ሰው ዳታው ካለቀ በኋላ አትጥሩት፤ መጠይቁ ሲሠራ ይኑር። የመድኃኒቱን መጠንና ዙር የሚያጣራላችሁ ፋርማሲስትም ወዳጅ አድርጉ።

ናይት የምትገባ ነርስ እንዳትረሱ። እንቅልፍ ማጣትን፣ ሌሊት የሚነሳ ሕመምን፣ አስታማሚው ተኝቶ በሽተኛው ብቻውን ሲያለቅስ የምታውቀው እሷ ናት። ከተቻለ ደግሞ አዊኛ የሚናገር ሰው ይኑራችሁ። ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ የሚመጡ ብዙ ናቸው። አማርኛ ቢገባቸውም ሕመማቸውን የሚናገሩት በአፍ መፍቻቸው ነው።

3. ከመጀመሪያው ቀን ውሉን በወረቀት አድርጉ

ይህን ክፍል የምጽፈው ስለተጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጥናት ላይ ከዲዩቲ በኋላ እየቀረሁ ዳታ ሰበሰብኩ። መጠይቁን ያስተካከልኩትም እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜ የለም። ከታች ምስጋና ላይ «ዳታ ሰብሳቢዎች» ይላል። አብረን የነበርን ልጆች ከዚያ በኋላ ለሌላ ጥናት ስንጠራ ማናችንም አልሄድንም። አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ያ ቡድን አይበተንም ነበር።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይሁን። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የስም ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደሚወሰን ይጻፍበት። ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች የሚጠቀሙበት መለኪያ አራት ነገር ይጠይቃል። በሐሳቡ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋፅኦ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። እንግዲህ ዳታ የሰበሰበችውን ልጅ ጽሑፉ ሲረቀቅ ካልጠራችኋት ሁለተኛውን መለኪያ እንዳታሟላ ያደረጋችኋት እናንተው ናችሁ። ጥሯት። እንግሊዝኛው ከከበዳት ሐሳቧን በአማርኛ ትናገር፤ ሌላው ይጻፈው።

የትራንስፖርትና የሞባይል ካርድ ወጪ ማን እንደሚችልም ተነጋገሩ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ቡድን የሚኮራረፈው በዚህ ነው።

4. ፈቃዱና ያልተነገራቸው ታካሚዎች

ፕሮፖዛሉን ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ አስገቡ። ክሊራንሱ (የቦርዱ ፈቃድ) ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል። ሁለቱም ሆስፒታል የየራሱን ሂደት ሊጠይቅ ስለሚችል ከጅምሩ ጠይቁ። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ የሚዞርበትን ጊዜ በዕቅዳችሁ ላይ ጨምሩ።

ከደብዳቤው የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ካንሰር እንደሆነ ያልተነገራቸው ታካሚዎች አሉ። ልጆቻቸው በር ላይ ይዘውን «እባክሽ ሲስተር፣ እንዳትነግሪያቸው» ይላሉ። እናንተ «የካንሰር ታካሚዎች ጥናት» የሚል ወረቀት ይዛችሁ አልጋቸው አጠገብ ብትቆሙ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከቡድናችሁ አንዱም ሰው በዚህ መንገድ ለማንም መርዶ ነጋሪ መሆን የለበትም።

እንዲህ አድርጉ። ከሁሉ በፊት «ስለ ሕመምዎ ምን ተነገረዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልሱትን ቃል ያዙና በዚያው ቃል ቀጥሉ። «እጢ» ካሉ እጢ በሉ። ለታካሚው የሚነበበው ወረቀት ላይ «በሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች የሚሰማቸው ሕመም» ማለት ይቻል እንደሆነ ለቦርዱ በግልጽ አቅርቡ። ያልተነገራቸው ሰዎች ጥናቱ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውንም ቦርዱና ሐኪሙ ባሉበት ወስኑ። ዋናው ነገር ሁለቱም ሆስፒታል አንድ ዓይነት ደንብ መያዙ ነው።

5. ቃሉ ላይ ጊዜ አጥፉ

ሥራው ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መለኪያ ከባዶ አትፍጠሩ። በዓለም የታወቁ አሉ። የኤድመንተኑ የምልክቶች መለኪያ (ESAS) በ1991 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው። አሁን ያለው ቅጂ ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል፦ ሕመም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የስሜት መጨፍገግ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የምግብ ፍላጎት፣ አጠቃላይ ደኅንነትና የትንፋሽ ማጠር። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል። አጭር ስለሆነ ለተጨናነቀ ዋርድ ይመቻል። የመሞሪያሉ መለኪያ (MSAS) ደግሞ 32 ምልክቶች አሉት። የበለጠ ይነግራችኋል፤ ግን በሽተኛውን ያደክማል። የአውሮፓው የኑሮ ጥራት መጠይቅ (EORTC QLQ-C30) 30 ጥያቄ ነው፤ የአማርኛ ትርጉምም አለው። የትኛውንም ስትጠቀሙ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አጣሩ።

መለኪያው በአማርኛ ከሌለ ሁለት ሰው ለየብቻ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ሁለቱን አስታርቁ። ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። የተለያየበትን ቦታ ተወያዩበት። ይህን መጽሐፍ ሁሉ ይላል። መጽሐፍ የማይነግራችሁ አልጋው አጠገብ የሚሆነውን ነው።

«ድካም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ለእኛ ቀላል ነው። ለገበሬ ግን ድካም አጭዶና ወቅቶ የሚመጣ ነው፤ አያሳፍርም፣ በሽታም አይደለም። በሌላ በኩል «በሽተኛው ደክሟል» ሲባል ሊሞት ተቃርቧል ማለት ነው። አንድን አባት «ድካም ይሰማዎታል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የቱን እንደሰሙ አታውቁም። «አልደከምኩም፣ ገና ነኝ» ብለው የሚቆጡ አሉ። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈልጉ። «ሳይሠሩ የሚመጣ፣ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ የአቅም ማጣት አለዎት?» ስላቸው ብዙዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል። «አዎ፣ ያልሠራሁት ድካም!» አሉኝ አንድ አባት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ሳስረዳ የምጠቀመው በእሳቸው ቃል ነው።

መደንዘዝም እንዲሁ ነው። አንዱ «ይነዝረኛል» ይላል፣ ሌላው «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል»፣ ሌላዋ «ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል»። ማቅለሽለሽ «ያጥወለውለኛል» ነው። የስሜት መጨፍገግን «ድብርት» ብትሉት የከተማ ልጅ ይገባዋል። የገጠር እናት ግን «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ቡና ላይ መቀመጥ አስጠላኝ» ነው የሚሉት። እነዚህን ቃላት በሁለቱም ሆስፒታል ውስጥ ለሁለት ሳምንት በደብተር ሰብስቡ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ዋና ቃልና ሁለት የሚፈቀዱ ማብራሪያዎች ምረጡ። ከዚያ ውጭ ማንም ከራሱ አያብራራ። አንዷ ነርስ ለራሷ በሚመቻት መንገድ ካስረዳች የሁለቱ ሆስፒታል ልዩነት የታካሚዎቹ ሳይሆን የነርሶቹ ይሆናል።

«እግዚአብሔር ይመስገን»ና «አልሐምዱሊላህ» ሰላምታ እንጂ መልስ አይደሉም። ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ቆዩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቁ። ከዚያ «ተመስገን ነው፤ እስቲ አሁን ደግሞ የሚያስቸግርዎትን አንድ በአንድ እንይ» ብላችሁ ግቡ። ምስጋና ከቅሬታ ጋር እንዳልተጣላ ካሳያችኋቸው ይናገራሉ።

ቁጥሩስ? «ከዜሮ እስከ አሥር» ያልተማረ ሰውን ግራ ሊያጋባ ይችላል። አሥር ሽምብራ በትሪ ይዛችሁ ሞክሩ። «ሕመሙ ምንም ከሌለ አንድም አይንኩ፤ ሊብስ የሚችለውን ያህል ከባሰ ሁሉንም ወደ እኔ ይግፉ።» ጣቱ የደነዘዘ ሰው ሽምብራ ለመያዝ ሲቸገር ካያችሁ እሱም ራሱ መረጃ ነው፤ ጻፉት። ዘዴው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ይሁን።

መጠይቁ ሲያልቅ ከ5 እስከ 10 ታካሚ ላይ ሞክሩት። «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለዎት?» በሏቸው። ዳታ ሰብሳቢዎቹንም ፈትኑ፦ አንዷ ትጠይቅ፣ ሁለቱም ለየብቻ ይሙሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ጎን ለጎን ይታይ። ለየት ያለበትን ስታዩ ትገረማላችሁ።

6. ቀኑን አስተካክሉ

ብዙ የኬሞ ዓይነቶች በየ21 ቀኑ ይሰጣሉ። ምልክቶቹ ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን የሚያመጣው ማስመለስ አለ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ለቀናት የሚቆይም አለ። ያኔ ሰውዬው ቤቱ ነው። ፈለገ ሕይወት ያለችው ነርስ መድኃኒቱ ሲወርድ ብትጠይቅ፣ ጥበበ ጊዮን ያለችው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ብትደውል፣ ሁለቱ መልሶች አይገናኙም።

ስለዚህ ቀኑን በቁጥር ወስኑ። ለምሳሌ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ8ኛው ቀን። ስልክ ከሆነ የማን ስልክ እንደሆነ መዝግቡ። የጎረቤት ስልክ ከሆነ ስለ በሽታው አታውሩ፤ «ሲስተር ነኝ፣ ሲመለሱ ይደውሉልኝ» ብቻ በሉ። በደቅ ደሴት ወይም ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ያሉትን ለቀጣዩ ዙር ሲመጡ ጠይቁ። ግን በስልክ ከተጠየቁት ለይታችሁ ጻፏቸው።

ጾምንም አትርሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቄሱ ለበሽተኛ ቢፈቅዱም የሚጾሙ ብዙ ናቸው። ረመዳንም እንዲሁ። «ዛሬ ጾመዋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ካላስገባችሁ የምግብ ፍላጎት ማጣትንና ጾምን ትቀላቅላላችሁ። ጠበልም ጠይቁ፤ ሳትፈርዱ ጠይቁ። ጠበል ሄደው አንድ ዙር የዘለሉ ሰዎች ዳታችሁ ውስጥ «ምልክቱ ቀነሰ» ሆነው እንዳይታዩ።

7. 422 የሚባለው ቁጥር

ለጥናት ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል የሚወጣው ቁጥር ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች 50 በመቶ ናቸው እንበል፣ ስህተቱ 5 በመቶ፣ 384 ይመጣል፣ አሥር በመቶ ጨምሩ፣ 422። ግን በዓመት 200 ታካሚ ብቻ ያለው ክፍል ውስጥ 422 ከየት ይመጣል? ለትንሽ ሕዝብ የሚሠራው ማስተካከያ አለ፤ ለ200 ሰው 384ቱ ወደ 132 ይወርዳል። ደግሞም ይህ ቀመር «ስንት ሰው አለበት» ለሚል ጥያቄ ነው። አንድን ሰው በየዙሩ የምትከታተሉ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ስታቲስቲክስ የሚያውቀውን ሰው ቀድማችሁ ጥሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

8. ዳታው

ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለታካሚው ኮድ ስጡ። ኮዱንና የካርድ ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር በአንድ ሰው እጅ፣ የተቆለፈበት ቦታ ይቀመጥ። የካርድ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይላክ። ግሩፑ ለቀጠሮና ለጥያቄ ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ተገናኙ፤ ስንት ተሞላ፣ ምን ጎደለ፣ የትኛው ጥያቄ አልገባ አለ ብቻ ተነጋገሩ።

9. ጠይቃችሁ አትሂዱ

ሕመሜ 9 ነው ያለን ሰው መዝግባችሁ ወደሚቀጥለው አልጋ መሄድ አይቻልም። መጀመሪያውኑ ደንብ ይኑር። ሕመም 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለተረኛ ሐኪም በዚያው ሰዓት ይነገር። ኬሞ ከወሰደ በኋላ ትኩሳቱ 38 የደረሰ ሰው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይምጣ፤ ነጭ የደም ሕዋስ በወረደበት ጊዜ ኢንፌክሽን ይገድላል። መኖር ያስጠላው ሰው ካገኛችሁ ብቻውን አትተዉት። እጁ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ከምጣድ፣ ከፍም፣ ከፈላ ውኃ እንዲጠነቀቅ፣ በባዶ እግሩ እንዳይሄድና ማታ እግሩን እንዲያይ በዚያው ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ጥናቱ ላይ ያደረጋችሁትን እገዛም መዝግቡ።

10. ምልክቶቹን አንድ ላይ እዩ፣ ከዚያ መልሱት

በ2001 እ.ኤ.አ. ሜሪሊን ዶድና ክሪስቲን ሚያስኮውስኪ የተባሉ የካሊፎርኒያ ነርስ ተመራማሪዎች ከስታቲስቲክስ ባልደረባቸው ጋር አንድ ቀላል ነገር አነሱ። ምልክት ብቻውን አይመጣም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው አብረው የሚመጡ፣ የሚገናኙም አሉ። ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት አቅም ያሳጣል። ዋርድ ውስጥ ያለ ነርስ ይህን በየቀኑ ያያል። ስትተነትኑ ምልክቶቹን ለየብቻ ቆጥራችሁ አታቁሙ። የትኞቹ ተያይዘው እንደሚመጡ እዩ።

ውጤቱ ሲወጣ ከመጽሔቱ በፊት ወደ ዋርዱ ውሰዱት። ሁለቱም ሆስፒታል የጠዋት ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ ለምኑ። ጥናቱ ውስጥ የነበሩ ታካሚዎችም ለቀጠሮ ሲመጡ በአማርኛቸው ንገሯቸው። ከዚያ አንድ ነገር ለውጡ፤ አንድ ብቻ። እኔ ቢሆን የምለውጠው የኬሞ ካርዱን ነው። «ቅሬታ አለ/የለም» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ትጨመርበት፦ ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ? ጀበና ያነሳሉ?